የሽሮ ሜዳ «ፎል ከለር» ጥለት፣ ለመልስ አሠርተን ያየነው

ብዙ ሰው በኢንቦክስ ስለጠየቀኝ አንዴ እዚሁ ጽፌው ልገላገል። የእህቴ መልስ ላይ ሚዜዎቹ የለበስነው ያ «ፎል ከለር» (ቅጠል ሊረግፍ ሲል የሚይዘው ከለር)፣ ብርቱካንማና ቡርገንዲ ጥለት ያለው ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ነው የተሠራው፣ ያሠራችልን ደሞ በቴሌግራም የምትሸጥ ልጅ ናት፣ እዛው ሽሮ ሜዳ ሱቅም አላት። ስሟን አልጽፍም፣ የማመሰግናትም የምናደድባትም ነገር ስላለ በሰው እንጀራ መግባት አልፈልግም፣ ደሞም የምጽፈው ነገር ከማንም ብታዙ ይጠቅማችኋል። ለከለሩና ለእጅ ሥራው 5 ከ5፣ ለሰዓት 2 ከ5። አማካዩን ራሳችሁ አውጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሙሽራዋ ሠርጓ ባለፈው ኦክቶበር ነበር፣ ፎቶ ደሞ ቨርጂኒያ ያለው ሼናንዶዋ ፓርክ ካልተነሳሁ ብላ ድርቅ አለች። ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው ተራራው ጫፍ ላይ የሚሄደው 105 ማይል መንገድ፣ ኦክቶበር ላይ ግራና ቀኙ ሌላ ነገር ነው፣ ሜፕሉ ቀይና ብርቱካን፣ ሂከሪው ቢጫ፣ ኦኩ እየቆየ ቡናማ። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ስለሚቀየር ላይኛው ረግፎ ሲያልቅ ታችኛው ገና አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ አንድ ፎቶ ውስጥ ሁሉም ከለር ይገባል። እና ሙሽሪት ያለችው፣ በዚህ ከለር ሽፎን የለበሰች ሚዜ ሞልታለች፣ እኔ ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ከለሩ ጥለቱ ላይ እንዲሆን ነው የምፈልገው። እዚህ ላይ እውነቷን ነው።

(አክስታችን «በጽጌ ሠርግ?» ብላ ለሳምንታት አኩርፋ ነበር። ጽጌ እስከ ኅዳር 5 ነው፣ የፈቃድ ጾም ነው አክስቴ ብንላትም አልሰማችንም፣ አዳራሹ የተገኘው በዛ ቅዳሜ ብቻ ነው ስንላት ነው ዝም ያለችው።)

ለልጅቷ ፎቶ ልከን እንደዚህ አይነት ከለር ስንላት የመለሰችው የድምጽ መልእክት አሁንም አለኝ፣ «የኔ ቆንጆ ይሄ ለሠርግ ነው? ትንሽ ፈካ ላድርግላችሁ?» አለች። አልፈርድባትም። እኛ ጋ ቅጠሉ በሚቀላበት ሰሞን እሷ ጋ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ፈክቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ እንጦጦ ስር ቁጭ ብላ ቡናማና ዝገት የመሰለ ነገር ለደስታ ልብስ ማን ያዛል ብትል ምን ይገርማል። ደግነቱ ከኛ በፊት ሌሎች የውጭ ልጆች ጠይቀዋት ኖሮ «ኦተም» ብላ የሰየመችው የክር ስብስብ ነበራት፣ 6 ጥቅል ክር ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ፎቶ አንስታ ላከችልን። በርንት ኦሬንጅ (ጠቆር ያለ ብርቱካን)፣ ማስታርድ (ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ)፣ ቡርገንዲ (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ ኦሊቭ (ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ)፣ ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ወርቅማ።

በፎቶው ብቻ ብናዝ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር። የስልክ ካሜራ ብርቱካንና ቀይን እንዳሻው ነው የሚቀይረው፣ በርንት ኦሬንጁ ስክሪን ላይ ፋንታ ነው የሚመስለው። እኔ የመከርኩት ናሙና እንድታሠራልን ነበር፣ አንድ መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ጥለት፣ ከፍለንላት በሰው አስላክን። አንዳንድ ሱቅ ይሄን ስትጠይቂው ይቆጣል፣ እሷ ግን እሺ ነው ያለችው፣ ለዚህ ትልቅ ነጥብ ነው የምሰጣት።

ናሙናው ሲደርስ መስኮት ስር አስቀምጠን ስናየው ማመን አቃተን፣ እያንዳንዱ ከለር ጥርት ብሎ ይታያል፣ ቡርገንዲው እንደ ወይን ጠጅ ጥልቅ ያለ፣ ማስታርዱ ሞቅ ያለ። እህቴ እልል ልትል ነበር። ከዛ ባለቤቴ ቁራጩን ይዞ ሳሎኑ ማዶ ጫፍ ሄዶ ቆመና «አሁንስ?» አለን። ቡኒ። በቃ ድፍን ቡኒ። 6ቱም ከለር ተዋህዶ አንድ የቡና ዝቃጭ ነገር ሆነ። ለምን መሰላችሁ፣ ኦሊቩና ቡርገንዲው ሁለት ሁለት ክር እየሆኑ ጎን ለጎን ነበር የተጣሉት፣ ቀጫጭን ቀይና አረንጓዴ መስመር ደሞ ከራቅ ሲል ዓይን ይደባልቀውና ቡኒ ያደርገዋል። ቅርብ ሆኖ ማማርና ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ማማር ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሠርግ ላይ ደሞ አብዛኛው ሰው የሚያያችሁ ከሩቅ ነው፣ ቪዲዮውም እንደዛው።

ይሄን ስንነግራት ልጅቷ ሸማኔውን አማከረች፣ አባባ የምትላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ መልሱ ከሳቸው ነው የመጣው። ኦሊቩንና ቡርገንዲውን አራርቋቸው፣ በመሃል ነጭ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ዳሩን ደሞ በወርቅማ ክር ዝጉት። እና በርንት ኦሬንጁን ወፈር አድርጉትና ዋናው እሱ ይሁን፣ የቀረው አጃቢ ይሁን። ሁለተኛው ናሙና በፎቶ ብቻ ነው የመጣው ግን ከሩቅ አስነስተን አየነው፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር። ማንኛውም ዲዛይነር ነኝ ባይ ሊነግራችሁ የሚችለውን ነገር እኚህ ሰውዬ እድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲሠሩት ነው የኖሩት።

ስለዚህ ይሄን ፓሌት (የከለር ስብስብ) ለማዘዝ የምታስቡ፣ ዋናው ነገር የከለሩ ምርጫ አይደለም፣ 6ቱም ከለር አሪፍ ነው፣ ዋናው በመካከሉ የምትተዉት ነጭ ነው። ጥጡ ነጭ መሆኑ ነው ይሄን የደበዘዘ የሚመስል ከለር ሕይወት የሚሰጠው። አንዷ ጓደኛችን ለራሷ ለየት ልበል ብላ ከታች ጨርቁን ራሱን ክሬም አስቀልማ ነበር ያሠራችው፣ ጥለቱ ያው አንድ አይነት ጥለት ነው፣ ከኛ ጎን ስትቆም ግን ያልታጠበ ነው የሚመስለው። ይቅርታ ታነበዋለች ግን እውነት ነው፣ እሷም ታውቀዋለች።

ሌላው የአንገት ነገር። ማስታርድ አንገት ላይ አታድርጉ። እኛ ጠይም ነን፣ ቀይ የምንባለውም ብንሆን ውስጣችን ቢጫ አለው፣ ማስታርዱ ፊት አጠገብ ሲመጣ ከቆዳ ጋር ይመሳሰልና ፊታችሁ ይጠፋል። አንገትና እጅጌ ላይ ቡርገንዲና ወርቅማ፣ ማስታርድና ኦሬንጁ ከወገብ በታች፣ ፊት ለፊት ወደ ታች የሚወርደው ላይና ታችኛው ጠርዝ ላይ። በዚህ ስናስተካክለው የሁላችንም ፊት ወጣ፣ ሜካፕ ላይ እንኳን ቀነስን። በጣም ጥቁር የሆነችው ሚዜያችን ደሞ ማስታርዱም አንገቷ ላይ አምሮባታል፣ እሷ ብቻ ናት የተፈቀደላት፣ ቀናንባት።

አዳራሹ ደሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዲጄው ሐምራዊ መብራት ሲለቅ ኦሊቩ ጥቁር ሆነ፣ ኦሬንጁ ጡብ የመሰለ ቀይ ሆነ፣ ከ6 ከለር 3 ብቻ ነው የሚታየው። ፎቶ አንሺው ራሱ ነው መጥቶ ወርቅማ መብራት አድርጉልኝ ያለው፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ተመለሰ። አዳራሽ ስትከራዩ የመብራቱን ከለር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በዚህ ፓሌት ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ መብራት ጠላት ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ጊዜ። ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም፣ እኛም ማንም አልነገረንም፣ በተለይ ለኦክቶበርና ለኖቬምበር የምታዙ ልብ በሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከዛ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ ለነሱ ደሞ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ሲሠሩ ከርመው ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። መስቀል መስከረም 17 ነው፣ ሴፕቴምበር 27። በዓሉ ደሞ አንድ ቀን ውሎ የሚያልቅ አይደለም፣ ቤተሰብ ጥየቃው፣ ሠርጉ፣ ሥጋው። እንግዲህ አስቡት፣ ለፎል ሠርግ ልብስ የሚሠራበት ዋናው ጊዜ ሸማኔው የሌለበት ጊዜ ነው! ልጅቷ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ግን ኦርደራችንን ስትቀበል «ችግር የለም ይደርሳል» ነበር መልሷ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቴሌግራም ስንጽፍላት አንብባ ዝም። ስንደውል «ነገ»። ነገ ሲደርስ «አባባ አገር ቤት ገብተዋል፣ ሲመለሱ ይጨርሱታል»። እህቴ የሚያለቅስ ኢሞጂ ሳይሆን ራሷ ነው ያለቀሰችው።

ሰውዬውን አልወቅስም፣ በዓላቸውን ያክብሩ፣ መብታቸው ነው። ልጅቷን ነው የምወቅሳት፣ ሐምሌ ላይ ስናዝ «ከመስቀል በፊት ካላለቀ ከመስቀል በኋላ ነው» ብትለን ቁጥሩን እንቀንስ ነበር ወይ ጥለቱን እናሳጥር ነበር። በኋላ ላይ ሁለት ቀሚስ ለሌላ ሸማኔ ሰጥታ አስጨረሰች፣ እዚህ ላይ ነው ሌላው ችግር የመጣው፣ ለነዛ ሁለት ቀሚሶች የተገዛው ኦሬንጅ ክር ከሌላ ጥቅል ነበርና ትንሽ ወደ ሮዝ ያደላል። ለብቻው ብታዩት ምንም አይልም፣ ጎን ለጎን ስንቆም ግን ይታወቃል። ፎቶ ላይ ሁለቱን ዳር ዳር አቆምናቸው። ለዚህ ቅናሽ አድርጋለች፣ ሳንጨቃጨቃት በራሷ፣ ይሄንም ልጻፍላት።

ስለ ሥራው ጥራት ግን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ሐበሻ ልብስ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ገልብጡና የጥለቱን ጀርባ እዩ። የእጅ ሥራ ከሆነ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ጀርባው ላይ ይታያል፣ ጎበዝ ሸማኔ ደሞ አጭር አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ቋጠሮ አይበዛበትም፣ እጃችሁን ስታሳልፉበት ጣት አይዝም። የኛ ጀርባው እንደ ፊቱ ነው ማለት ይቻላል። አሁን አሁን በማሽን የተሠራ ከውጭ የሚገባ ጥለት ሽሮ ሜዳ ራሱ ላይ ይሸጣል፣ ከፊት ስታዩት እኩል እኩል ነው፣ እንዲያውም በጣም እኩል መሆኑ ነው የሚያጋልጠው። የእጅ ሥራ የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ ታንጋደዳለች። የኛ የታችኛው ጠርዝ ላይ አንዷ መስቀል ከሌሎቹ በአንድ ክር ትበልጣለች፣ አሁን የኔ ቀሚስ መለያ እሷ ናት።

ጨርቁ መነን ነው፣ ቀለል ይላል፣ ቨርጂኒያ ተራራ ላይ በኦክቶበር ጠዋት ለመልበስ ግን ቀልድ ነው፣ ብርዱ ገደለን። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይሉ የለ፣ እኛ ደሞ ከነአክስታችን ጽጌ ይዘን። ፎቶ እንነሳና መኪና ውስጥ እንገባ ነበር። ፈትል ወይ ወፈር ያለ ነገር ብናሠራ ይሻል ነበር፣ ነጠላውንም በጋቢ ብንተካው። ለውጪ ፎቶ የምታስቡ ይሄን አስቡበት፣ ጋቢ ላይ ይሄ ጥለት እንዴት እንደሚያምር ሙሽራው ለብሶ አይተነዋል፣ ሰውዬው ብቻውን ነው ሲሞቀው የዋለው።

ዋጋ ለምትጠይቁኝ፣ ቁጥሩን ብጽፈው ነገ አይሠራም። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ወዲያው 100 አልፎ ሄደ፣ ከዛ ጀምሮ እሷም ብዙዎቹም ለውጭ ሰው በዶላር ነው የሚነግሩት። ማወቅ ያለባችሁ ዋጋው በጥለቱ ስፋትና በከለሩ ብዛት መሆኑን ነው፣ እያንዳንዱ ከለር ለብቻው በእጅ ነው የሚገባው፣ 6 ከለር ማለት ሸማኔው በየመስመሩ 6 ጊዜ እጁን ይቀያይራል። እኛ የከፈልነው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተመሳሳይ ነገር ከተጠየቅነው ግማሽ ያህል ነው፣ ከነማስላኪያው። በጀት የሚያጥራችሁ ኦሊቩንና ቡኒውን አውጡት፣ በ4ቱም ፎል መሆኑ አይጠፋም።

መላኪያው ላይ ደሞ፣ ድሮ እዚህ አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ ይገባ ነበር፣ ከኦገስት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ያ ቀርቷል፣ ስለዚህ በፖስታ ድርጅት ሲላክ ሌላ ወጪ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ አብዛኛውን በሰው ሻንጣ ነው ያስመጣነው፣ ከአዲስ አበባ እዚህ ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት የሚመጣ ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለም መቼም። የአክስቴ ልጅ ሄዳ ተቀብላ ነው ያስያዘችልን፣ ሱቁ ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የአሜሪካን ኤምባሲን አለፍ ብሎ ነው፣ እናንተም እንደሷ ያለ ዘመድ ላኩና ልብሱን ከመረከቡ በፊት በቀን ብርሃን ውጪ አውጥቶ ይየው፣ የሱቅ ውስጥ መብራት ያታልላል። የአክስቴ ልጅ ናት አንዱ ቀሚስ ላይ ዘርፉ ሳይቋጭ የቀረውን ያገኘችው፣ ቁጭ ብላ አስቋጨችው።

እጥበት፣ እባካችሁ ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት። ቡርገንዲ ክር ነጭ ጥጥ ላይ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ማየት አትፈልጉም። ናሙናው ሲመጣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዤ ቡርገንዲው ላይ ትንሽ ተጫንኩት፣ ሮዝ ሆኖ ወጣ! ለልጅቷ ቪዲዮ ላክንላት፣ ክሩን ቀየረችው፣ አዲሱ ክር አልለቀቀም። ይሄ ሙከራ ደቂቃ አይፈጅም፣ ከማዘዛችሁ በፊት ናሙናው ላይ፣ ከደረሰ በኋላ ደሞ የማይታይ ጥግ ላይ አድርጉት። ከዛ ድራይ ክሊን፣ ወይ እናት ካላችሁ እናት በቀዝቃዛ ውሃ።

ደግሜ አዝዛት ይሆን? አዎ፣ ግን ግንቦት ላይ፣ ግፋ ቢል ሰኔ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ክፍያ ዕቃው ሲደርሰኝ ነው የምከፍለው ብዬ። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ነው የከፈልነው፣ ከዛ በኋላ ነው «ነገ» የበዛው። ፈዘዝ ያለ ነገር ከወደዳችሁ፣ ቤዥ፣ ሮዝ ምናምን፣ ከሷ አትዘዙ፣ እጇ ደማቅ ላይ ነው።

የወንዶቹ ክራባትና የኪስ መሐረብ ያልጠበቅነው ሆነ፣ ኦሊቭ ላይ ቀጭን በርንት ኦሬንጅ፣ ግራጫ ሱፍ ላይ ሲደረግ ከኛ ቀሚስ በላይ ነው ያስጠየቀው፣ ዋጋውም ኢምንት ነው። ብቻ እሱን በኋላ እናዘዋለን ብላችሁ ለየብቻ እንዳታሠሩት፣ ከቀሚሱ ጋር አንድ ላይ ከአንዱ ጥቅል ክር ይሠራ፣ አለዚያ ሙሽራው አንድ ኦሬንጅ ሙሽራዋ ሌላ ኦሬንጅ ሆነው ነው የሚቆሙት።